ይቀደዱ ወይስ ይተኙ? በአጥንት መሳሳት ስለሚሰበር አከርካሪ

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ እስከ መንዝ አምባዎችና እስከ አንኮበር ተዳፋት ድረስ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ወገባቸውን ይዘው ከተኙና በራጅ «አከርካሪያቸው ተሰብሯል» ከተባለ በኋላ ቤተ ዘመድ ብዙ ጊዜ በሁለት ሐሳብ ይከፈላል። አንዱ ወገን «አዲስ አበባ ወስደን ሲሚንቶ ይወጋላቸው፤ ካልሆነ ሽባ ሆነው ይቀራሉ» ሲል፣ ሌላው «በዚህ ዕድሜ አከርካሪ አይነካም፤ ይተኙና የፈጣሪ ፈቃድ ይሁን» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ከስስት ነው። ሆኖም ክርክሩ የቆመው በሁለት የተደበላለቁ ቃላት ላይ ነው። «ቀዶ ሕክምና» በሚለው ቃል ሥር በዓላማም በአደጋም የማይገናኙ ሁለት የተለያዩ ሕክምናዎች ተጠቃለዋል፤ «ያለ ቀዶ ሕክምና» በሚለው ሥር ደግሞ ትጋት የሚጠይቅ እውነተኛ ሕክምናና ሰውን በመደብ ላይ ትቶ መሄድ እንደ አንድ ነገር ተቆጥረዋል። ቃላቱ ካልተለዩ ውሳኔው ሊጠራ አይችልም።

አከርካሪው የሚሰበረው እንዴት ነው?

የአጥንት መሳሳት፣ በሕክምናው አጠራር ኦስቲዮፖሮሲስ፣ አጥንት ማዕድኑንና ውስጣዊ አሠራሩን ቀስ በቀስ አጥቶ በቀላል ጫና እስከ መሰበር የሚደርስበት ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መስፈርት መሠረት ሕመሙ አለ የሚባለው የአጥንት እፍጋት ዴክሳ በሚባል መሣሪያ ተለክቶ ከጤናማ ወጣት ሴቶች አማካይ በ2.5 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ከአማካይ የመራቅ መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ሲል ነው። መሣሪያው በአገራችን እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ነገር ግን ሳይወድቁ፣ ወይም በቆሙበት ብቻ ወድቀው፣ አከርካሪያቸው የተሰበረ አረጋዊ ሌላ ምክንያት አለመኖሩ ከተረጋገጠ ዴክሳ ባይነሡም አጥንታቸው እንደሳሳ ተቆጥሮ ሊታከሙ ይችላሉ። ስብራቱ ራሱ በቂ ምስክር ነው።

እያንዳንዱ የአከርካሪ አንጓ ከፊት በኩል ከበሮ የሚመስል፣ የሰውነትን ክብደት የሚሸከም ክፍል አለው። የዚህ ከበሮ ቅርፊት ስስ ሲሆን ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በቀጫጭን ግድግዳዎች የተከፋፈለ ነው። አጥንት ሲሳሳ ግድግዳዎቹ ይቀጥናሉ፣ አንዳንዶቹም ይበጠሳሉ፣ ቀዳዳዎቹም ይሰፋሉ። ሰው ጎንበስ ሲል ከፍተኛው ጫና የሚያርፈው በከበሮው የፊት ጠርዝ ላይ በመሆኑ መጀመሪያ የሚደረመሰው እሱ ነው፤ የኋላው ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። አንጓው ከፊት አጥሮ ከኋላ ከፍ ያለ፣ እንደ ሽብልቅ ያለ ቅርጽ ይይዛል። ኅብለ ሰረሰር የሚያልፈው ከዚህ የኋላ ግድግዳ ጀርባ ስለሆነ በእንዲህ ዓይነቱ ስብራት ሽባ መሆን የተለመደ አይደለም። ብዙ ቤተሰብን የሚያስጨንቀው ፍርሃት ከአደጋው መጠን በላይ የገዘፈው ይህ ስለማይነገር ነው።

ስብራቱ በብዛት የሚደርሰው የደረት አከርካሪ ከወገብ አከርካሪ በሚገናኝበት አካባቢ፣ በተለይ በመጨረሻው የደረት አንጓና በመጀመሪያው የወገብ አንጓ ላይ ነው። ሰበቡ ቀላል ነው፤ ሃያ ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ከመሬት ማንሣት፣ ጎንበስ ብሎ ምጣድ ማውረድ፣ ጭቃ ላይ አዳልጦ በመቀመጫ መውደቅ። ከእነዚህ ያነሰ ትኩረት የተሰጠው ደግሞ የመኪና ጉዞ ነው። ጠጠር በለበሰ መንገድ ላይ ከኋላ ጎማ በስተኋላ ባለው ወንበር የተቀመጡ አሮጊት፣ አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲያልፍ ከወንበሩ ተነሥተው መልሰው ይወድቃሉ፤ ጉልበቱም ከዳሌያቸው ቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ አከርካሪያቸው ያልፋል። «መኪናው ሲዘል ወገቤ ቀጭ አለ» የሚል ቃል የሰማ የጤና ባለሙያ ራጅ ለማዘዝ ሌላ ምክንያት አይፈልግም።

ምንም ሕመም ሳይሰማ የሚደረመስ አንጓም አለ። ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ከጠቅላላው የአከርካሪ ስብራት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ እንደሆነ ይገመታል። የቀረውን ቤተሰብ በእርጅና ያመካኘዋል፤ እናት እየጎበጡ ይሄዳሉ፣ ድሮ ልካቸው የነበረው ቀሚስ ከፊት በኩል መሬት መጎተት ይጀምራል። ቀሚሱ አልረዘመም፤ ያጠሩት እሳቸው ናቸው።

ከምርጫው በፊት የሚቀድሙ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ነርቭ ተነክቷል ወይ የሚለው ነው። እግር እየሰነፈ ከሄደ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልቆም ካለ፣ ሰገራን መቆጣጠር ካልተቻለ፣ ወይም ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ የሚነካው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ፣ ኅብለ ሰረሰር ወይም ከሥሩ የሚወጡት ነርቮች ተጭነዋል ማለት ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ የሰዓታት እንጂ የሳምንታት አይደለም። እንዲህ ያለው ታማሚ በዕለቱ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ በእኛ አገር ከሌላው ሁሉ ይበልጥ መጠየቅ ያለበት፣ ይህ ስብራት በእርግጥ ከአጥንት መሳሳት የመጣ ነው ወይ የሚለው ነው። የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ወደ አከርካሪ ዘልቆ አንጓ ያፈርሳል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 ስለገለጸው በሕክምናው ዓለም በስሙ ይጠራል። ከብቱና ሰው በሚጎራበቱበት፣ ጥሬ ወተት በሚጠጣበት አካባቢ ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ሕመም አከርካሪን ሊያጠቃ ይችላል። ከጡት፣ ከፕሮስቴት ወይም ከሌላ አካል የተዛመተ ካንሰርና ከመቅኔ የሚነሣው ማልቲፕል ማይሎማም አንጓን ይደረምሳሉ። ሌሊት የሚያነቃ ሕመም፣ ማታ ማታ የሚመጣ ትኩሳትና ላብ፣ ያለምክንያት መክሳት፣ የቆየ ሳል ወይም ቀደም ሲል የታከመ ካንሰር ካለ ምርመራው መጥበቅ አለበት። ቲቢ ያፈረሰውን አንጓ የሳሳ አጥንት ነው ብሎ በሲሚንቶ መሙላት ከባድ ስሕተት ነው፤ በማስታገሻ ብቻ ማስተኛትም እንዲሁ፤ ምክንያቱም ቲቢ በወራት መድኃኒት የሚድን ሕመም ነው።

ሦስተኛው የስብራቱ ዕድሜ ነው። ራጅ አንጓው መደርመሱን ቢያሳይም ትናንት ይሁን ከሦስት ዓመት በፊት መሆኑን ብዙ ጊዜ መለየት አይችልም። ኤም.አር.አይ የሚባለው በማግኔት የሚሠራ የምስል ምርመራ ግን ትኩስ ስብራት ባለበት አጥንት ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ስለሚያሳይ ይለያል። ኤም.አር.አይ በሌለበት የሕመሙን መነሻ ቀን በትክክል ማወቅ ብዙ ይረዳል። የገጠር እናቶች ደግሞ ይህን ከማንም በተሻለ ያውቁታል። «ከጥቅምት መድኃኔዓለም ማግሥት ጀምሮ» ወይም «ልደታን አክብረን ስንመለስ» ብለው ሲናገሩ ሐኪሙ በሳምንት ሊቆጥረው የሚችል ቀን ሰጥተውታል። «ቆይቷል» ብሎ የሚመልስ አስታማሚ ይህን ዕውቀት ያጠፋዋል። ከዚህ በታች እንደሚታየው በስድስት ሳምንትና በስድስት ወር መካከል ያለው ልዩነት የሕክምናውን ምርጫ ሊቀይር ይችላል።

በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት ሕክምናዎች

የመጀመሪያው ሰፊ ቀዶ ሕክምና ነው። በሙሉ ማደንዘዣ ጀርባ ተከፍቶ ነርቭን የሚጫነው አጥንት ይነሣል፤ ከላይና ከታች ባሉ ጤነኛ አንጓዎች ላይ ብሎን ታስሮ በዘንግ ይያያዛል። ይህ የሚደረገው ነርቭ ሲጫን፣ አከርካሪው መቆም ሲያቅተው ወይም ጉብጠቱ እየገፋ ሲሄድ ነው። ችግሩ ብሎኑ የሚይዘው ያንኑ የሳሳ አጥንት መሆኑ ነው፤ ሊላላና ሊነቀል ስለሚችል ሐኪሞች ብዙ አንጓዎችን በማያያዝ ወይም የብሎኑን ዙሪያ በሲሚንቶ በማጠናከር ይጠነቀቃሉ። አደጋው ትልቅ ነው፤ ነርቭ በተጫነበት ታማሚ ላይ ግን አለመቀደድ የበለጠ ያስከፍላል።

ሁለተኛው ሕዝቡ «ሲሚንቶ መወጋት» የሚለው ነው። ቨርቴብሮፕላስቲ የሚባለው ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1984 በፈረንሳይዋ አሚዬን ከተማ ሲሆን በወቅቱ የታከመው የአጥንት መሳሳት ሳይሆን አንጓ ውስጥ የበቀለ የደም ሥር ዕጢ ነበር። ታማሚው በሆዱ ይተኛል፤ ቆዳው በማደንዘዣ ይደነዝዛል፤ ሐኪሙ በተከታታይ ራጅ እያየ መርፌውን በአንጓው እግር (ከበሮውን ከኋላው ክፍል በሚያያይዘው አጥንት) በኩል ወደ ከበሮው ውስጥ ያስገባና እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ አክሪሊክ ይገፋል፤ ይህም በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። ንጥረ ነገሩ ከግንባታ ሲሚንቶ ጋር ከስሙ በቀር ዝምድና የለውም። ካይፎፕላስቲ በሚባለው ዘዴ ደግሞ ከሲሚንቶው በፊት ትንሽ ፊኛ ገብታ ትነፋለች፤ የተደረመሰውን ከፍታ በመጠኑ ለመመለስና ሲሚንቶው የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ለመፍጠር ነው። በሁለቱም ሲሚንቶው ከአንጓው ውጪ ሊፈስ ይችላል። አብዛኛው ፍሳሽ ጉዳት ባያመጣም፣ ወደ ነርቭ መተላለፊያው ከገባ ወይም በደም ሥር ወደ ሳንባ ከሄደ ግን ለሕይወት ያሰጋል።

ጥናቶቹ ለምን ተለያዩ?

ሲሚንቶው ለዓመታት የተስፋፋው ታማሚዎች ከተወጉ በኋላ «ዳንሁ» ስለሚሉ ነበር። ጥርጣሬው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን አንድ ዕትም ላይ ሁለት ጥናቶች ጎን ለጎን ሲወጡ ነው፤ አንዱ 78፣ ሌላው 131 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሏል። ግማሾቹ እውነተኛውን ሕክምና አገኙ፤ ግማሾቹ ደግሞ የማስመሰያ ሕክምና ተደረገላቸው። ማስመሰያው እስከ ሽታው የተሟላ ነበር፤ ሲሚንቶው የሚበጠበጥበት ፈሳሽ ጠንካራ ሽታ ስላለው፣ ሲሚንቶ ለማይገባላቸውም ታማሚዎች በክፍሉ ውስጥ ተከፍቶ እንዲሸት ተደርጓል። ውጤቱ ሁለቱም ወገኖች በተመሳሳይ መጠን መሻላቸው ነበር።

ተቃውሞው ወዲያው ተነሣ። በእነዚህ ጥናቶች እስከ አንድ ዓመት የቆየ ስብራት ያላቸው ሰዎች ስለገቡ የዳነ አጥንት ላይ ሲሚንቶ ምን ሊጠቅም ይችላል የሚል ሲሆን፣ ተቃውሞው ክብደት ያለው ነው። ቨርቶስ 2 የተባለው እ.ኤ.አ. የ2010 ጥናት በ202 ታማሚዎች ላይ ትኩስ ስብራትን ወስዶ ሲሚንቶው ከተለመደው ሕክምና ይልቅ ሕመምን በፍጥነት እንደሚያስታግስ አሳየ፤ ነገር ግን ማስመሰያ ስላልነበረው ታማሚዎቹ የተደረገላቸውን ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ቬፐር የተባለው የአውስትራሊያ ጥናት ከስድስት ሳምንት ያልበለጠ ስብራትና ከባድ ሕመም ባላቸው 120 ታማሚዎች ላይ፣ ማስመሰያ ተጠቅሞም፣ ጥቅም አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ቨርቶስ 4 በ180 ታማሚዎች፣ እንደገና በትኩስ ስብራት፣ ከማስመሰያ የተለየ ጥቅም አላገኘም። በዚያው ዓመት ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም ማስረጃውን ሁሉ አሰባስቦ ቨርቴብሮፕላስቲን እንደ መደበኛ ሕክምና የሚደግፍ ነገር እንደሌለ ደመደመ። ካይፎፕላስቲን በ300 ታማሚዎች ላይ ያነጻጸረው እ.ኤ.አ. የ2009 ጥናት በመጀመሪያው ወር ግልጽ ብልጫ ቢያሳይም በዓመቱ ልዩነቱ ጠቧል፤ እሱም ማስመሰያ አልነበረውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ተቋማትም አልተስማሙም። የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2010 ቨርቴብሮፕላስቲን አጥብቆ ሲቃወም፣ ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ መመሪያ አውጪ እ.ኤ.አ. በ2013 ማስታገሻ ላልያዘው ከባድ ሕመምና ላልዳነ ትኩስ ስብራት እንደ አማራጭ ፈቅዶታል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ማስረጃው የሚያደርሰው ወደ አንድ ጠባብ በር ነው። ስብራቱ ትኩስ መሆኑ በምርመራ የተረጋገጠ፣ በጥቂት ሳምንታት የተሟላ ሕክምና ሕመማቸው ያልበረደ፣ ከአልጋ መነሣት ያልቻሉ ጥቂት ታማሚዎች ሲሚንቶው ሊጠቅማቸው ይችላል። «አከርካሪ ተሰብሯል» በመባሉ ብቻ ከብት ሸጦ ለሲሚንቶ መሮጥ ግን በማስረጃ የሚደገፍ አይደለም።

ያለ ቀዶ ሕክምና ማከም ችላ ማለት አይደለም

የአብዛኞቹ ታማሚዎች ሕመም ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ይህ መልካም ዜና በክፉ መንገድ ይተረጎማል፤ «እንግዲህ ይተኙ» ይባላል። መተኛት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመምን ለማስታገስ ቢፈቀድም፣ ሲረዝም ራሱ ሕመም ይሆናል። ያልተንቀሳቀሰ አጥንት ይበልጥ ይሳሳል፣ ጡንቻ ይከሳል፣ በእግር ደም ይረጋል፣ ሳንባ ውስጥ አክታ ይቋጠራል፣ ጀርባ ይቆስላል። በመደብ ላይ ሁለት ወር የቆዩ አሮጊት የሚሞቱት ከአከርካሪው ስብራት ይልቅ በሳንባ ምች ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የማስታገሻው ዓላማ ታማሚዋን ማስነሣት ነው። ፓራሲታሞል በሰዓቱ፣ ሕመሙ ሳይበረታ ይሰጣል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራንና ኩላሊትን ስለሚጎዱ በአረጋውያን ለአጭር ጊዜና በሐኪም ትእዛዝ ብቻ መሆን አለባቸው፤ ጠንካራ ማስታገሻዎች ደግሞ ሆድ ያደርቃሉ፣ ያንገዳግዳሉ፣ ሌላ መውደቅም ያስከትላሉ። የወገብ ቀበቶ አንዳንዶችን ቢረዳም ስለ ጥቅሙ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው።

አነሣሡ ግን ብዙ ያስታግሳል፤ ብዙ ቤት ውስጥ ስሕተት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰው ብብታቸው ውስጥ እጁን አግብቶ ቀጥ አድርጎ ሲያነሣቸው የተሰበረው የፊት ጠርዝ ይጨመቃል፤ ይጮኻሉ፤ ከዚያ በኋላ መነሣትን ይፈራሉ። በጀርባ ከተኙበት ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ትከሻና ዳሌያቸው እኩል እየዞረ እንደ ግንድ በአንድነት በጎናቸው ይገለበጣሉ፤ እግራቸውን ከመደቡ ጠርዝ ወደ ታች ሲያወርዱ በዚያው ቅጽበት በክርናቸው መደቡን ገፍተው ቀና ይላሉ። መደቡ ዝቅ ያለ ከሆነ ፍራሽ መደራረብ ወይም ከፍ ያለ አልጋ መፈለግ ይገባል። ቀን በቀን ጥቂት እርምጃ፣ ከዚያ እስከ በር፣ ከዚያ እስከ ግቢ ፀሐይ፤ ሕመሙ ሲበርድ ፊዚዮቴራፒስት የጀርባን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያሳያል። ወደፊት መጎንበስና ጎንበስ ብሎ ዕቃ ማንሣት ለወራት ይቀራል።

ወጌሻን በተመለከተ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። የተለየን ክንድ በመመለስ የተመሰገኑ ወጌሾች በየቀበሌው አሉ፤ አከርካሪ ግን ክንድ አይደለም። የሳሳ አንጓን ማሸት፣ በጉልበት ተጭኖ መጎተትና «ማቃናት» ያልተሰበረውን የኋላ ግድግዳ ወደ ነርቭ ሊገፋው ይችላል። አንጓው ቲቢ ያለበት ከሆነ አደጋው የከፋ ነው።

መንገዱ ራሱ የሕክምናው አካል ነው

ኤም.አር.አይም ሆነ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በአብዛኛው የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ለሚነሣ ሰው ጉዞው እጅግ ይረዝማል። ትኩስ ስብራት ይዞ ረጅም መንገድ በመኪና መንገላታት ስብራቱን ሊያባብስ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። ነርቭ ያልተነካባቸውና የሌላ በሽታ ምልክት የሌለባቸው ታማሚዎች በአቅራቢያቸው ሆስፒታል ሕክምናቸውን ጀምረው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለውጡ ቢገመገም ብዙዎቹ መሄድ ሳያስፈልጋቸው ይቀራል። መሄድ ግድ ከሆነ ከፊት ወንበር መቀመጥ፣ የመጀመሪያውን ራጅ መያዝና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው የሪፈር ቅደም ተከተሉን ጠብቆ፣ መድኑ የሚሸፍነውን አስቀድሞ ጠይቆ መነሣት ይኖርበታል።

ቀጣዩ ስብራት

ሲሚንቶው ይወጋ ወይም አይወጋ፣ አንድ አንጓ የተሰበረባቸው ሴቶች ከአምስቱ አንዷ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ አንጓ ይሰበርባታል። የቀረው አጥንት ያው የሳሳ አጥንት ነውና። ክርክሩ ሁሉ በተሰበረው አንጓ ላይ ሲያልቅ የቀሩት የሚረሱ መሆናቸው ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝን ነው።

ምክንያቱ መፈተሽ አለበት። ለአስም፣ ለቁርጥማት ወይም ለቆዳ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ለወራት የወሰደ ሰው አጥንቱ በመድኃኒቱ ሊሳሳ ይችላል፤ መድኃኒቱን ግን በራስ ፈቃድ ድንገት ማቆም አደገኛ ስለሆነ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። በምግብ በኩል በዕድሜ የገፋች ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል። ወተትና አይብ በማይቀመሱባቸው ረጅም አጽዋማት ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ የተወሰነውን ይሸፍናሉ፤ ከንስሐ አባት ጋር መምከርም ለታማሚ የተከፈተ መንገድ ነው። ፀሐይ የማይጎድለው አገር ቢሆንም በደጋው ብርድ ቤት የሚውሉና ተከናንበው የሚወጡ አረጋውያን የቫይታሚን ዲ እጥረት ሊያገኛቸው ይችላል።

አጥንት የሚያጠነክረው መድኃኒት በብዛት አሌንድሮኔት ነው፤ 70 ሚሊ ግራም በሳምንት አንድ ቀን። ኩላሊታቸው ለደከመና መዋጥ ለሚቸገሩ አይሰጥም። አወሳሰዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ከቡና፣ ከወተት ወይም ከጠላ ጋር ከተወሰደ ወደ ደም አይገባም፤ ከዋጡ በኋላ ቢያንስ ለሠላሳ ደቂቃ ምንም ሳይቀምሱ፣ ሳይተኙ፣ ቀና ብለው መቆየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጉሮሮን ያቆስላል። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ለማይቀምሱ፣ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ ለሚያስቀድሱ እናት የሚመቸው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በዐቢይ ጾምም ቢሆን ቅዳሜ ጠዋት ውኃ አይከለከልም። ከዚህ የሚወጣው በዓመት አንድ ቀን፣ ቀዳም ሥዑር ነው፤ የዚያን ሳምንት ክኒን ከፋሲካ በኋላ ሰኞ ጠዋት፣ ከቡናው በፊት ወስደው በቀጣዩ ቅዳሜ ወደ ቀናቸው ይመለሳሉ።